የአቶ እንደሻው ሃያ ዛፎች

አቶ እንደሻውን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ ሰውየው ያልገባው ነገር ካለ እህል አይወርድለትም። የጎረቤት ዶሮ እንቁላል መጣል ብታቆም ሦስት ቀን ዶሮዋን ሲከተል ይውላል። ሚስቱ ሐመልማል «አንተ ሰው፣ ጥያቄህን ይዘህ ትቀበራለህ!» ትለዋለች።

ሥራው ለአመሉ የተሰፋ ነበር። በሁሩታ በኩል ባለ ሰፊ የስንዴ እርሻ፣ የዋግ መድኃኒት የሚረጩ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበትን ሜዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። የክረምቱ ጉም አንዴ ከተኛ ደግሞ የገዛ እጅም አይታይ። ማማ የለ፣ መሣሪያ የለ! እንደሻው ግን ዘዴ ነበረው። በሜዳው ዳር በየሠላሳ እርምጃው አንድ ባሕር ዛፍ፣ በጠቅላላው ሃያ፣ በገዛ እጁ ተክሏል። ከወንበሩ ሆኖ ይቆጥራል። ሃያኛው ከታየ የሜዳው ጫፍ ታየ ማለት ነው፤ ያኔ በሬዲዮ «ሃያ ነው፣ ውረዱ» ይላል። አብራሪዎቹም ይህን ከአፉ ሳይሰሙ አይወርዱም።

አምና ነሐሴ፣ አንድ ጉማም ማለዳ፣ ሃያ ቆጠረ። ሜዳው ላይ ምንም የለም። ቀድሞ ያረፈው አውሮፕላን ተጎትቶ ወጥቷል ብሎ፣ ኖህ የሚባለውን ወጣት አብራሪ አስወረደው። ለካ ያኛው ሞተሩ እምቢ ብሎ ጫፉ ላይ ቆሟል፤ መካኒኩ ሚፍታም ሥሩ ገብቶ ይፈታታ ነበር። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተላተሙ። ኖህም ሚፍታም አልተረፉም።

መርማሪዎች መጡ። እንደሻው «ሃያ ቆጥሬያለሁ፣ በልጆቼ እምላለሁ!» አለ። እነሱም ጉሙ የከፋው ከቆጠራው በኋላ ነው፣ አብራሪው ተመልሶ መውጣት ሲገባው በግድየለሽነት ወረደ ብለው ጻፉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ። እንደሻው ግን ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲያብሰለስል ከረመ፤ ሃያ ዛፍ አይቼ አውሮፕላን የሚያህል ነገር እንዴት አጣሁ?

ዘንድሮ ያው ዓይነት ጉም ሲወርድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ቆጠረ። ሃያ! ዓይኑን ሳይነቅል ሄዶ ሃያኛው ላይ ፎጣውን አሰረበትና ጉሙ እስኪገፈፍ ጠበቀ። ሲገፈፍ ዞር ብሎ ቢያይ፣ ጉድ ነው፤ የሜዳውን ሲሶ ብቻ ነው የመጣው። ዝቅ ብሎ መሬቱን አየ። ከአንድ ጉቶ ሦስት ግንድ ወጥቷል!

ዛፎቹን እርሻው ከአራት ዓመት በፊት አስቆርጦ ለአጣና ሸጧቸው ነበር። ቡቃያው እስኪረዝም ጉም በያዘ ቀን በረራ ይቀር ነበርና፣ ቆጠራው እንደገና የተጀመረው አምና በዚያው ሳምንት ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ እንደሚያቆጠቁጥ የአርሲ ሰው ሆኖ የማያውቅ አለ? እንደሻውም ያውቃል። ያውቃልና ግንድ ቆጠረ፣ ጉቶ ረሳ። ፎጣውን ከግንዱ ፈትቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሐመልማል ስትሰማ አፏን ያዘች። «ወህኒ ልትወርድ ነው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም!»

«የሟች ስም ጠፍቶ እንዴት ዝም እላለሁ?» አላት። ያየውን ለመርማሪዎቹ አጽፎ ላከ። ከዚያ ሲሬ ወረደ፣ ወደ ኖህ እናት ወደ ወይዘሮ እታገኘሁ።

አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ነገራቸው። «ልጅዎ ጥፋት የለበትም። አምኖኝ ነው የወረደው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

ሴትዮዋ አልጮኹም። «ሃያ ሲሉት እሱ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።

እንደሻው ይህን ጥያቄ አልጠበቀውም። እንባው መጣ። «‹እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ መጣሁ› አለኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አለ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

ወይዘሮ እታገኘሁ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ልባቸው ሲመለስ ተነሡ፣ ጫማቸውን አደረጉ።

«የሚፍታን እናት ቤት ያውቁታል?» አሉት። «ልጄ ልጇን የገደለባት እየመሰለኝ ዓመት ሙሉ ለቅሶ ሳልደርሳት ቀረሁ። በሉ ይውሰዱኝ፤ ያሉኝንም ለሷ እርስዎ ይንገሯት።»