ልጄን ፍለጋ በደሴ ቢሮዎች

ወሎ ቦረና ውስጥ፣ ከመካነ ሰላም በላይ ካለው መንደራችን የተነሣሁት ልጄን ዘምዘምን ከደሴ ለማምጣት ነው። ይህን የምጽፈውም እንደኔ ልጅ የጠፋባችሁ እናቶች የትኛውን በር አስቀድማችሁ እንደምታንኳኩ እንድታውቁ ነው። እጄ ጽሕፈት አልለመደም። ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ተምሬ ነበር፤ የቀረውን ዘማች ተማሪዎቹ መጥተው አስያዙኝ። ብሳሳት እለፉኝ።

በክፉው ቀን፣ ጎተራው ተጠርጎ ባለቀ ጊዜ፣ ባሌ ይመር ዘምዘምን በትከሻው ተሸክሞ ደሴ ወደሚገኘው መጠለያ ወረደ። እኔ አልጋ ላይ ከዋለችው እናቱ ጋር ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ይመር ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ልጅቷም አብራ አልቃለች ተባለና ለሁለቱም ሰደቃ አወጣን። አሁን መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ ነው አንዲት ጎረቤታችን ከደሴ ተመልሳ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ፣ «ዘምዘም አለች» ያለችኝ። «ወላጅ የሌላቸው ልጆች ካሉበት ቤት በዓይኔ አየኋት። ግን ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሊወስዷቸው ነው አሉ፤ ድረሽ!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ በላሁ፣ ቆሜ ጸለይኩ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «መጀመሪያ መካነ ሰላም አውራጃ ቢሮ ጠይቂ፣ ወረቀት ያዢ» አለኝ። እኔ ግን እናቴ ትለው የነበረውን አሰብኩ፦ «ከትንሽ ሹም ጋር ቀን አትፍጂ። ከትልቁ ደጅ ድንጋይ ተሸክመሽ ከወደቅሽ የታችኛው ሁሉ ይታዘዛል።» ትልቁ ያለው ደሴ ነው። በአውራጃው በር አጠገብ አልፌ፣ ዞር ብዬም ሳላይ ሄድኩ።

እስከ አቀስታ

የሄድኩት ፍየል ከሚነዱና ቆዳ በአህያ ከጫኑ ነጋዴዎች ጋር ነው። ስንቄ በሶና የባቄላ ቆሎ ነበር። መንገዱ ሽቅብ ነው። ወደ ለጋምቦ ደጋ ስንወጣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ብቻውን ቆሞ ሰው ይመስላል። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፣ አልሃምዱሊላህ። በእርሻው መሐል ግን ጣራቸው የወደቀ ቤቶች አሉ፤ በራቸው ላይ ሳማ በቅሏል። ማንም የማን ቤት እንደሆኑ አልጠየቀም። ሁላችንም ፊታችንን አዙረን አለፍን።

የነጋዴዎቹ አውራ ሰይድ የሚባል፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። «እቴ፣ አህዮቹን ቀደምሻቸው እኮ! ይህን ባውቅ ቆዳውን አንቺ ላይ እጭነው ነበር» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ እግሬ ግን አልቆመም።

አቀስታ ላይ እህል አራግፎ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና አገኘሁ። ነጂው ሁለት ብር አለኝ። ልጄን ልፈልግ ነው ስለው አንዱን መለሰልኝ። «እህል ይዤ እመጣለሁ፣ ሰው ፍለጋ የሚሄድ ይዤ እመለሳለሁ፤ የቱ እንደሚከብድ እንጃ» አለ። ጉጉፍቱ ከሚባለው ከፍታ ላይ ጉም ዋጠን። ከኋላ ስድስት ሆነን በአንድ ሸራ ሥር ተጠጋጋን። እያንዳንዱ የሚሄድበት ቢሮ ነበረው፤ የቢሮውን ስም በትክክል የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ደሴ

ያረፍኩት ሰይድ በላከኝ እኅቱ ቤት ነው። ማለዳ ተነሥቼ የክፍለ ሀገሩን አስተዳደር ግቢ ጠየቅኩ። ከመንገድ ዳር ደህና የሆነ ድንጋይ መርጬ ማጅራቴ ላይ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። የአስተዳዳሪው መኪና ሲመጣ «አቤት! አቤት!» እያልኩ ወደ ፊት ሮጥኩ።

ለካ ጊዜው ሌላ ነው። ሁለት ወታደሮች ክንዴን ያዙኝ። «ጣይው! ድንጋዩን ጣይው!» መኪናው አቧራውን አልብሶኝ ገባ። እኔንም ጥበቃ ቤት አስገቡኝ። እዚህ ከታሰርኩ ዘምዘምን ይወስዷታል፤ ሌላ ነገር በልቤ አልነበረም።

አንድ ጠና ያለ አሥር አለቃ መጣ። ድንጋዩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ማንን ልትፈነክችበት ነው?»

«ኧረ በአላህ! ልማጸንበት ነው። ልጄን እንዲሰጡኝ።»

አየኝ፣ ድንጋዩንም አየው፤ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። «እናቴ፣ ከየት ዘመን ነው የመጣሽው?»

«ከቦረና ነው።»

«እሱማ ያው ነው» አለና ውሃ አስቀዳልኝ። ከዚያ ጣቶቹን እያጠፈ አስረዳኝ። «ስሚኝ፣ ዛሬ አንድ ጌታ የለም። ይህ አስተዳደር ነው፤ ያዛል እንጂ ልጅ አያሳድግም። እህል የእርዳታው ቢሮ ነው። ሕመም የጤናው። ወላጅ የሌለው ልጅ የማኅበራዊ ጉዳዩ። ሌባና ድንጋይ ደግሞ የኛ።»

ለቀቀኝ። ድንጋዩን ግን አልመለሰልኝም።

ይመር የሄደው እህል ወዳለበት ነውና እርዳታ ቢሮ ሄድኩ። ግቢው በጆንያ ተሞልቷል። መነጽር ያደረገው ሰው ቀና ሳይል፣ «መጠለያው የኛ ነበር፣ ተዘግቷል። ልጆቹን ለማኅበራዊ ጉዳይ አስረክበን ደረሰኝ ተቀብለናል» አለኝ።

«ልጅ በደረሰኝ ይሰጣል እንዴ?»

«እህልም ልጅም በደረሰኝ ነው፣ እናቴ። ይህ ባይሆን ዛሬ የት እንዳለች ማን ይነግርሽ ነበር?»

እውነቱን ነው። ተናድጄ ወጣሁ እንጂ እውነቱን ነው።

ማኅበራዊ ጉዳይ ከገበያው በላይ፣ ባሕር ዛፍ ያለበት ግቢ ነው። ኃላፊዋ ወጣት ሴት ናት፤ ጓድ ይሏታል። ጉዳዬን እስከ መጨረሻ ሰማችኝ። «ልጅቷ አለች። ግን ስንት ሰው 'ልጄ ናት' እያለ ወስዶ ገረድ አድርጎ እንዳስገባ ብታውቂ! ካውራጃሽ ማረጋገጫ አምጪ።»

«የአውራጃዬ ቢሮ እኮ መካነ ሰላም ነው! ደጁን አልፌ ነው የመጣሁት።»

«ለምን አለፍሽው ታዲያ?»

«ልጆቹን የሚወስደው መኪና መቼ ነው የሚመጣ?» አልኳት።

«ሐሙስ።» ያ ቀን ማክሰኞ ነበር።

እንዳያት ብቻ ለመንኩ። በመስኮት በኩል አቀረቡልኝ። ጠጕሯ ተላጭቷል፣ ካኪ ለብሳለች፣ ቁመቷ እስከ ጡቴ ደርሷል። ስትስቅ ጉንጯ ላይ የሚገባው ጎድጓዳ ግን ያው ነው፤ ያየሁት ስለሳቀች አይደለም፣ ለማልቀስ ፊቷን ስትቋጥር ነው። በብረቱ መሐል ጣቴን ያዘችና «እማ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?» አለች።

ኃላፊዋ ፊቷን አዞረች። ቆይታም «የከተማው ነጋዴ የሆነ፣ ሱቁ የሚታወቅ ዋስ ካመጣሽ ላስረክብሽ እችላለሁ። በአንድ ወር ውስጥ ያውራጃው ወረቀት ካልመጣ ግን ዋስሽ ይጠየቃል» አለችኝ።

ቆዳ ተራ

ለሰይድ እኅት ብነግራት፣ ከቦረና መጥቶ ቆዳ የሚነግድ ሙሄ የሚባል ሰው እንዳለ ነገረችኝ። ሙሄ ወፍራም፣ ከቆዳ ክምር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአሊ ይማም።»

«የትኛው አሊ? ያ ሲስቅ ከወንዝ ማዶ የሚሰማው?»

«እሱው።»

«አላህ ይዘንለት! ሠርጌ ላይ ቢስቅ በቅሎዋ ደንብራ ሙሽራዬን ጣለቻት።»

ከጓዳ የሴት ድምፅ መጣ፦ «ወገቤን እስከ ዛሬ ያመኛል!»

ጉዳዬን ስነግረው ግን ሳቁ ጠፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እቴ፣ በዚህ ጊዜ ስሙን ቢሮ የሚያስገባ ሰው ጤነኛ ነው? ነገ 'ሙሄ ማነው' ይላሉ። ከነገ ወዲያ 'ሙሄ ምን አለው' ይላሉ። ወረቀቱ ባይመጣስ? የሚይዙት እኔን ነው።»

በፍርሃቱ አልፈረድኩበትም፤ እኔም ከሱ የባስኩ ፈሪ ነበርኩ። ልነሣ ስል ሚስቱ ወጣች። ሳታየኝ እሱን ብቻ እያየች፣ «ሙሄ፣ ልጇ ሐሙስ ብትጫን አርብ ላይ ቁጭ ብለህ ቆዳህን ትቆጥራለህ?» አለችው።

ሙሄ ተነሣ። ጫማውን ፈለገ። አንዱን አጣው፤ እሷ አቀበለችው። ለኔም «አብሽሪ» አለችኝ። ሙሄም እስከ ቢሮው ድረስ አብሮኝ ሄዶ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ሲወጣ ጣቱን በጋቢው እየጠረገ «በአንድ ወር» አለኝ፤ «አደራሽን።»

ዘምዘምን ይዤ ወጣሁ። በስሙኒ ዳቦ ገዛሁላት። ግማሹን በላችና ግማሹን ከካኪው ውስጥ ደበቀችው።

መካነ ሰላም

በመልሱ ያለፍኩትን በር አላለፍኩትም። ከልጄ ጋር አውራጃ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊው ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው።

«ዘምዘም ይመር ልጄ መሆኗን የሚያረጋግጥ ወረቀት ፈልጌ ነበር።»

«የት ነው ያለችው?»

«ይችውና።»

ግራ ገባው። «እኛ የምንጽፈው ልጁን ለመረከብ ነው። የተረከብሻትን ልጅ ትረከብ ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? እንዲህ ያለ ደብዳቤ የለንም።»

«ዋሴ ይታሰራል፣ ወንድሜ!»

ብዙ አሰበ። ከዚያ ተነሥቶ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ «ልጅቷ ደሴ ብትሆን ኖሮ አሁኑኑ እጽፍልሽ ነበር። እኔ ገና ልጅ አላየሁም» አለ።

ገባኝ። ዘምዘምን ይዤ ወጥቼ ዛፉ ሥር ባለጉዳዮች ከተቀመጡበት አስቀመጥኳት። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አልኳት። ብቻዬን ተመለስኩ።

«ምን ልርዳሽ፣ እናቴ?» አለኝ፣ እንዳላየኝ ሆኖ።

«ልጄ...» አልኩ። ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። «ልጄ ጠፍታብኛለች። ደሴ ናት።»

በሁለት ጣት መተየብ ጀመረ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ዕድሜዋን ጠየቀ። «መጨረሻ ያየሻት መቼ ነው?»

ከውጭ የዘምዘም ድምፅ አልተሰማኝም። ብድግ ብዬ ወጣሁ፣ ሮጥኩ። ዛፉ ሥር ናት፤ ከደበቀችው ዳቦ ለአንዲት ባለጉዳይ ሕፃን እየቆረሰች ታጐርሰዋለች። ቆሜ አየኋት፣ ተመለስኩ። ጸሐፊው ቀና ሳይል «'በክፉው ቀን' ብዬ ጽፌዋለሁ» አለኝ። ማኅተሙንም መታ።

ወረቀቱን ደሴ ለሚወርድ ነጂ ሰጠሁ፣ ለሙሄ በእጁ እንዲያደርስ አስምዬ። ወሩ ሳያልቅ ማኅበራዊ ጉዳይ መድረሱን ሰምቻለሁ።

እናቶች ሆይ፣ መንግሥትን አንድ ሰው እያደረግሁ እፈራው ነበር። አንድ አይደለም፤ ብዙ በር ነው፣ እያንዳንዱም የራሱን ቁልፍ ብቻ ይዟል። ከታችኛው በር ጀምሩ፣ ትልቁ ደጅ አያታልላችሁ። በየበሩም ሰው አለ፤ ፈሪም ቢሆን፣ ደግነቱን ደብቆ የያዘ ሰው አለ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፣ ይህንን አልዋሻችሁም።

ከቢሮው እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት እጇን ጨብጬ ወጣን። ደጃችን ስንደርስ ዘምዘም ቆም ብላ «እማ፣ እጄን አመመኝ» አለችኝ። ለቀቅ አደረግሁላት። ሌላውን እጇን ሰጠችኝ።