የጎመኑ ውሃ

የሚስቴ ኩላሊት ከደከመ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አትክልት የምቀቅለው እኔ ነኝ። ወልቂጤ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሌላ ወንድ ይኖር እንደሆነ አላውቅም፤ ካለም በሩን ዘግቶ ነው የሚሠራው። ማክሰኞና አርብ ለእጥበት አዲስ አበባ ስለምንመላለስ፣ የሳምንቱን በአንድ ቀን አዘጋጅቼ ፍሪዘር ውስጥ እከተዋለሁ።

ጎመኑን አድቅቄ እከትፋለሁ፣ ካሮቱን ልጬ በስሱ እቆርጣለሁ፣ የፎሶሊያውን ጫፍና ጫፍ እቀነጥሳለሁ። በትልቁ ብረት ድስት ብዙ ውሃ ጥጄ ሲንተከተክ በየተራ እጨምራለሁ። ገንፈል ሲል አውጥቼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ካለዚያ በራሱ ሙቀት እየበሰለ ይልሞሰሞሳል። ከዚያ ጨምቄ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ፣ አንድ ጊዜ የምትበላውን ያህል በትንንሽ ፌስታል አየሩን እያስወጣሁ እቋጥራለሁ።

ዋናው ግን ውሃው ነው። ሐኪም ቤት የሰጡን ወረቀት «የተቀቀለበት ውሃ ይደፋ» ይላል። አትክልቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚሉት ነገር ወደ ውሃው ይወጣል፤ ኩላሊቱ የማያጣራለት ሰው ከጠጣው ልብ ያቆማል። ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ያቺን መስመር ግን ስንቴ እንዳነበብኳት አልነግራችሁም። ሐኪሟም ቁርጡን ነግራኛለች፤ «ልብ ሊቆም ሲል አስቀድሞ አይናገርም።» ይህን ነግራኝ ምሳዋን ልትበላ ሄደች።

አንድ ሐሙስ አማቴ ከጉንችሬ መጡ። ልጆቻቸውም እኔም «አዶት» ነው የምንላቸው፤ እናት ማለት ነው። ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄን ያገባሃት ሞያዋን ልትቀማት ኖሯል?» አሉ።

«ተቀምጠው ይሳቁብኝ፣ አዶት። ቆመው ይደክማሉ።»

ፌስታል አለቀብኝ። የውሃ መውረጃው ፕላስቲክ ስለሆነ ትኩስ አልደፋበትም፤ የተቀቀለበትን ውሃ እስኪበርድ ሳፋ ውስጥ ትቼ ወደ ሱቅ ወጣሁ። ስመለስ ሳፋው ባዶ ነው።

«ውሃውን ደፉልኝ?»

«ይደፋል እንዴ? የጎመኑ ጉልበት እኮ እሱ ላይ ነው። ልጄ አመድ መስላ ተቀምጣ አንተ ጉልበቱን ልትደፋ። ጨው ጣል አድርጌ አሞቅሁላት፣ ሁለት ኩባያ ጠጣች።»

ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ። ሚስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ከስንት ወር በኋላ ፊቷ ፈካ ብሏል። ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው።

እጥበት ክፍል ደወልኩ። ያነሳችው ነርስ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ብላ ነበር፤ ስነግራት ግን ድምፅዋ ተለወጠ። «አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ። ነገን አይጠብቁ።»

ኮንትራት መኪና ያዝኩ። አማቴ ከኋላ ገቡ፤ ማንም ውረዱ አላላቸውም፣ ማንም አላናገራቸውም። እኔ የሚስቴን እጅ ይዤ የልብ ምቷን እየቆጠርኩ ሄድኩ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ምቱ ይጠፋኛል፤ በጠፋኝ ቁጥር የቆመ ይመስለኛል። አንድ ቦታ ላይ እጇ ከበደኝ። ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት።

«እንቅልፌን ብትተውልኝ ምን አለ» አለች።

«አትተኚ። እባክሽ አትተኚ።»

ከተጋባን ጀምሮ እባክሽ ብያት አላውቅም ነበር። እሷም ገርሟት ዓይኗን ገለጠች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ደሟን መረመሩ፣ ተያዩ፣ ከዚያ ተራ ሳያስጠብቁ ማሽኑ ላይ አስተኟት። አማቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው፣ «እኔ ነኝ የገደልኳት?» አሉኝ። «አልሞተችም» አልኳቸው። ሌላ የሚያጽናና ነገር ከአፌ አልወጣም። ዛሬም አልወጣም።

ከሰዓታት በኋላ ነርሷ «ለዛሬ አምልጣለች» ስትለኝ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«የሚደፋ መሆኑን ረስተሽው ነው?»

«አልረሳሁም። ወረቀቱን ያነበብክልኝ አንተ አይደለህ?»

«ታዲያ?»

«እናቴ በእጇ ይዛልኝ መጣች። ምን ልበላት?»

መንገድ ላይ ከፈራሁት የባሰ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ባታውቅ ኖሮ አስረዳት ነበር። ውሃ ይደፋል፤ የሰው እጅ ግን የት ይደፋል? ይህን ስጽፍ መስቀል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባም ከገጠርም ይገባል። ዓመቱን ሙሉ በስልክ «እንዴት ናት?» ብሎ የዘጋ ሁሉ፣ ውሃው ያልተደፋለትን ጎመን ከክትፎው ጋር ጠቅልሎ «በሞቴ» እያለ አፏ ድረስ ያመጣላታል። አውቃታለሁ፤ አፏን ትከፍትላቸዋለች።