ስላይድ ሲሉ ሸርተቴ መስሎኝ

ዛሬ ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ለልጄ ስላይድ ኦርደር አደረግኩላት» ስትለኝ ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ ቪከሪ ሜዶ የሚባል የስደተኞች ሰፈር እንኖራለን፣ ባሌ ታክሲ ይነዳል። አንድ ቀን ለጓደኛው በስልክ «የትኛው ስላይድ ይሻለኛል? ስቲሉ ይከብዳል፣ ግን አይሰነጠቅም» ሲል ሰማሁት።

እኔ ሞኟ፣ የልጆች ሸርተቴ መስሎኝ ልጄን አበሰርኳት።

ባሌ ያዘዘው ዕቃ በፖስታ ሲመጣ ሳጥኑ ከጫማ ካርቶን ያንሳል። ለአሻንጉሊቷ ይሆን እንዴ?

ከፈትነው። የሽጉጥ የላይኛው ብረት ነው። እሱንም ለካ ስላይድ ይሉታል! ቤታችን ሽጉጥ መኖሩን ያወቅኩት ያኔ ነው።

የአምስት ዓመቷ ልጄ ግን ብረቱን አገላብጣ አየችና «እማዬ፣ አልጋ ስር ያለውም እኮ እንደዚህ አለው» አለችኝ።

እናንተስ ቤት፣ ልጆቻችሁ አውቀው እናንተ ያላወቃችሁት ምን ነበር?