ከበረባሶ የወጣ ፍሬን

በደርግ ጊዜ ከሚሴ ውስጥ ብስክሌት ጠጋኝ ነበርኩ፤ በፍሬን ሥራ የሚስተካከለኝ አልነበረም። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ብስክሌቱን እየገፋ መጣ።

«ጨፋ ሮቢት ስብሰባ አለብኝ፤ ፍሬኑ አልይዝ አለ። ዙሁር ሰግጄ እስክጨርስ አድርስልኝ» ብሎኝ ወደ ሱቄ ጓዳ ገባ።

የፍሬኑ ጎማ አልቋል፤ መለዋወጫ ደግሞ የለም። እኔ መላ አላጣም። በሩ ሥር ከተከመሩት አሮጌ ጎማዎች መሐል አንድ በረባሶ አገኘሁ። ከወፍራም ተረከዙ ሁለት ቁራጭ አውጥቼ ገጠምኩ፤ የፍሬኑን ሽቦም ወጠርኩ።

ሊቀመንበሩ ሰግዶ ሲወጣ ብስክሌቱን ገፋ አድርጎ ፍሬኑን ጨበጠ። ቀጥ አለ!

«ማሻአላህ! ይህን የመሰለ ጎማ ከየት አመጣህ?»

«የእጄ ሥራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«አላህ ይባርክህ! በል አሁን በረባሶዬን አቀብለኝ፤ ጎማዎቹ ላይ ነው ያወለቅኩት።»