ሰንጢውና ጀርባዬ

ደባርቅ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሰንጢ ኪሴ ያልነበረበትን ቀን አላስታውስም። ተራ ሰንጢ አይደለም። ሲዘጋ ከመሐል ጣት ብዙም አይረዝም፤ ሲከፈት ግን ሁለት ቢላ፣ መቀስ፣ ትንሽ መጋዝ፣ ወስፌ፣ ካቻቢቴ፣ የቆርቆሮና የጠርሙስ መክፈቻ ከሆዱ ይወጣል። ጫፉ ላይ ደግሞ በጥፍር ሲስቧት የምትወጣ ወረንጦ አለችው። የሸጠልኝ ከቱሪስቶች ጋር ተራራ የሚወጣ ባለበቅሎ ነው፤ ለእሱም አንድ ፈረንጅ ሰጥቶት ነበር። "እኔ ካራዬ ይበቃኛል። ይኼ ዕቃ ለሚያበዛ ሰው ነው" አለኝ። ከአንድ ፍራሽና ከአንድ ሬዲዮ በቀር ዕቃ አልነበረኝም፤ ቢሆንም ገዛሁት።

አገሬ ሩቅ ነው። ደባርቅ ስመደብ የማውቀው ሰው አልነበረም፤ ዓመታት አልፈውም ቢሆን "ሰው አለኝ" ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም ነበር። ጥፋቱ የአገሩ ሰው አይደለም። እኔ ሳይጠሩኝ ሰው ቤት የማልሄድ፣ ሲጠሩኝም "ለይሉኝታ ነው" ብዬ የምቀር ሰው ነኝ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ዓርብ ሲደርስ ገሚሱ ወደ ጎንደር፣ ገሚሱ ወደ ዳባት፣ ወደየቤተሰባቸው ይሳፈራሉ። እኔ ክፍሌ ገብቼ በብርድ ልብሴ ላይ ጋቢ እደርብና ሬዲዮ እከፍታለሁ። የደባርቅ ብርድ ብቻውን የሚኖር ሰው ላይ ይበረታል።

ሰንጢው ግን ከእኔ የተሻለ ተግባቢ ነበር። የርዕሰ መምህሩ መነጽር ብሎኑ ሲላላ፣ የጎረቤት ቁልፍ ጓጉንቸር ውስጥ ሲሰበር፣ የሰርዲን ቆርቆሮ እንቢ ሲል፣ የተማሪ ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ ሲያስፈልገው ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል። "ባለሰንጢው" ይሉኛል። ስሜን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በሬ በተንኳኳ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ስከፍት "መምህር፣ ያንን ሰንጢ" ይሉኛል።

ስለት በእጅ አይቀባበሉም፤ ያጣላል ይላሉ። ስለዚህ ሰንጢውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ጎንበስ ብለው ያነሱታል። ሲመልሱም ደፉ ላይ ያኖሩልኛል፤ ጎንበስ ብዬ አነሳለሁ። "እግዜር ይስጥልን" ብለው ይሄዳሉ። ከማንም ሳልጣላ ኖርኩ። ከማንም ጋር እጅ ለእጅ ሳልነካካም ኖርኩ።

አንድ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር የተማሪዬ አባት ሰው ላከብኝ። የታላቅ ልጁ ሠርግ ደርሶ ቴፑ አልዘፍን ብሎታል። ሄጄ በካቻቢቴዋ ፈታሁት፤ የካሴት ክር ተጠምጥሞበት ኖሯል። በወረንጦዋ ለቅሜ ስገጥመው ዘፈነ፤ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ሰውየው "ቁጭ በሉ፣ እህል ሳይቀምሱማ አይሄዱም" አለኝ። ሚስቱም ሞሰቡን አቀረበች። እኔ "መሽቶብኛል" ብዬ ተነሳሁ። አልመሸም ነበር። ውሻቸው እስኪያዝልኝ እንኳ አልጠበቅሁም።

ሰንጢ ለውሻ እንደማይሆን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ውሻው ዘሎ ሲመጣብኝ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስል ከቀጋ አጥራቸው ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ሰዎቹ ሮጠው አነሱኝ፤ እኔ ግን "ምንም አልሆንኩም" እያልኩ፣ ልብሴን እያራገፍኩ፣ ከመንገዱ ገባሁ።

ማታ ከእጄና ከክንዴ ላይ እሾሁን ለቀምኩ። አንዷ ግን ከሁለት ትከሻዎቼ መካከል ተቀብራለች። ቀኝ እጄን በላይ ሰደድኩ፣ ግራውን በታች ሰደድኩ፤ አልደርስባትም። የመላጫ መስተዋቴን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳጮልቅ የሚታየኝ የገዛ አንገቴ ነው። ወረንጦዋን ከማስመሪያ ጫፍ ላይ በክር አስሬ ሞከርኩ። ወረንጦ የምትነክሰው ግን ሁለት ጣት ሲጫናት ነው፤ ማስመሪያ ጣት የለውም። ሁሉን የሚችለው ሰንጢዬ ለሌላ ሰው እጅ እንደተሠራ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ በሆዴ ተኛሁ። ቦታው አበጠ፣ መግል ቋጠረ። እጄን ከፍ ማድረግ ስላቃተኝ ከሰሌዳው ታችኛው ግማሽ ላይ ብቻ ስጽፍ የኋላ ተማሪዎች "አይታየንም" ይላሉ። ጤና ጣቢያ ልሂድ ብዬ ተነሳሁና ነርሷ "ይቺን የሚያወጣ ሰው ቤት የለም እንዴ?" ብትለኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ቀረሁ። በዚያው ሰሞን ለመቀስ የመጣ፣ ለቆርቆሮ መክፈቻ የመጣ ነበር። ሰንጢውን ደፉ ላይ ባስቀመጥኩ ቁጥር "እባክዎ ጀርባዬን" ልል አፌን እከፍትና "ምንም አይደል" ብዬ እዘጋዋለሁ። ከእሾሁ ይልቅ ያመመኝ ይኼ ነው፤ ከተማ ሙሉ ሰው እያለ ሸሚዜን አውልቄ ጀርባዬን የማሳየው አንድ ሰው አልነበረኝም።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየሀገሩ የቀሩባቸው እናት ነበሩ። የእሳቸውንና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። የምንገናኘው ኪራይ ስከፍል ወይም ሰንጢ ሲፈልጉ ነበር። አንድ ጠዋት አንኳኩ።

"መምህር፣ ያንን ሰንጢ። መቀሷን ፈልጌ ነው፣ ክር ልቆርጥባት።"

ደፉ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጎንበስ ብለው አነሱና ዞሩ።

"እማማ" አልኩ።

"አቤት።"

"ጀርባዬ ላይ እሾህ አለ።"

ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ስናገር የማላፍር ሰው ይቺን ያልኩት መሬት መሬቱን እያየሁ ነው። እሳቸው ዞረው አዩኝ።

"እሾህ? ወረንጦው እያለህ?"

"አልደርስበትም።"

ሌላ አልጠየቁኝም። የሚቀመጡበትን ዱካ አምጥተው ግቢው ውስጥ አስቀመጡ። "ዓይኔ ፈዟል፣ ፀሐይ ላይ ውጣልኝ። ሸሚዝህን አውልቅ" አሉኝ። እስከዚያች ቀን አንቱ ይሉኝ ነበር። ወረንጦዋን ከሰንጢው ጫፍ ተስባ የምትወጣበትን አሳየኋቸው፤ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። አንዱን መዳፋቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ሻካራና ሙቅ እጅ ነው። ሰው ጀርባዬን የነካው መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ዓይኔ እንባ ሞላ።

"አመመህ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ። እሾሁ ገና አልተነካም ነበር።

ስትወጣ ግን በእውነት አመመኝ። መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ፤ የጥፍር ቁራጭ የማታህል የቀጋ እሾህ። ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠቡልኝ።

"መቼ ነው የወጋችህ?"

"ሳምንት ሊሆናት ነው።"

"ሳምንት ሙሉ! ሰው አትጠራም?"

"ማንን ልጥራ፣ እማማ?"

ወረንጦዋን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። "እኔ እኮ እዚህ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "ማታ ማታ ሬዲዮህን በግድግዳው እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ቀድመህ የዘጋኸው እንደሆነ እስኪነጋ አልተኛም።"

እኔ ሬዲዮውን ቶሎ የምዘጋው ባትሪ እንዳያልቅብኝ ነበር። ያን ማታ ጣቢያው ራሱ እስኪዘጋ ድረስ አልዘጋሁትም።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እንደ ልማዴ ሰንጢውን ከኪሴ አውጥቼ በሩን ከፈትኩና ሳልጠየቅ ደፉ ላይ አስቀመጥኩት። አከራዬ ቆመዋል። ሰንጢውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ጎንበስ አላሉም።

"እሱን ምን ላርገው?" አሉ። "ጀርባህ እንዴት አደረ ብዬ ነው።"

ሰንጢውን ተሻግረው ገቡ። ከሰዓት በኋላ አንድ ተማሪ ሊዋስ መጥቶ እስኪጠይቀኝ ድረስ እዚያው ደፉ ላይ ረስቼው ዋልኩ።