ለደጋ የተስተካከለ ሞተር

መካኒኩ ሰላም ሲለኝ ሁልጊዜ የእጁን አንጓ ነበር የሚዘረጋልኝ። መዳፉ ከግራሶ ጸድቶ አያውቅም። ጋራዡ ከግቢያችን አጥር ጋር የተያያዘ ነው። አሰላ ውስጥ ሞተር ሳይክል ለውድድር የሚያዘጋጅ ከእሱ ሌላ አላውቅም።

ታናሹ ልጄ ሞተሩን ሰጠው። መብራቱ፣ መስታወቱና የጭቃ መከላከያው ወለቁ። ሲሊንደሩ ሰፋ፣ ፒስተኑ በትልቅ ተለወጠ፣ የጭስ ማውጫው ተቆርጦ አጠረ። ሲያስነሱት ድምፁ ደረቴን ይመታኝ ነበር። የጎረቤት ላም ደንብራ ገመዷን በጥሳለች።

ውድድሩ ዴራ ነበር፣ ቆላ። በዋዜማው ልጄን ለምሳ ልጠራው ጋራዡ ስገባ መካኒኩ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቦራቶር ይዞ ያስረዳው ነበር። የአሰላ አየር ስስ ስለሆነ ቤንዚኑን ቀንሶታል። ዴራ ላይ አየሩ ስለሚከብድ ቤንዚኑ መጨመር አለበት። ካልተጨመረ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም ተጣብቆ ይቀራል።

«እዚያ ወርጄ ሳልከፍተው እንዳትነዳው» አለው።

ልጄ እንቢ አለ። የዴራ ልጆች ከደጋ የወረደ ሞተር መነሻው ላይ ሲፈታ ካዩ «ገና ሳይሮጥ ወባ ያዘው» እያሉ ይስቃሉ። ባለፈው በሌላ ሰው ሲስቁ እሱም አብሯቸው ስቆ ነበር።

«መሳቂያ አልሆንም። ሞተሩ የኔ ነው» ብሎ ምሳውን ሊበላ ወጣ።

በማግስቱ ዴራ ላይ ከትልቁ ልጄ ጋር ቆሜ ነበር፤ መካኒኩም የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ መጥቷል። ታናሹ ከፊት ሆኖ በአጠገባችን ሊያልፍ ሲል የሞተሩ ድምፅ ድንገት ተቋረጠ። የኋላው ጎማ ደርቆ ቆመ። ልጄ በመሪው ላይ ተሻግሮ ተወረወረ። ከኋላው ይመጣ የነበረው ተወዳዳሪ መቆም አልቻለም፤ እግሩ ላይ ወጣበት። ስደርስ የቅልጥሙ አጥንት ሱሪውን ቀድዶ ወጥቶ ነበር። በነጠላዬ ከጉልበቱ በላይ አጥብቄ አሰርኩት። አልጮኸም። አፉ አፈር ሞልቶት ነበር።

ትልቁ ልጄ ወደ ወንድሙ አልመጣም። መካኒኩን ከሰው መሀል ጎትቶ አወጣው። ሆዱን በጉልበቱ መታው፤ ሲታጠፍለት ፊቱን ከገዛ የመሣሪያ ሳጥኑ ጋር አጋጨው። ጥርሱ ሲሰበር ተሰማኝ። ከዚያ ከሳጥኑ ትልቁን መፍቻ አነሳ።

«በየትኛው እጅህ ነው ሞተሩን ያጠበቅከው?»

ልጄ የመካኒኩን ቀኝ እጅ ሳጥኑ ላይ ረግጦ ያዘና መታው፤ ደግሞ መታው። ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት ታጠፉ። ሊገላግሉ የተጠጉትን በመፍቻው አባረራቸው፤ የአንዱን ትከሻ አገኘው። ከዚያ ግራ እጁን ጎተተ።

መካኒኩ አየኝ። ጋራዡ ውስጥ የተባለውን ከሁለቱ ሌላ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። የልጄ ደም በእጄ ላይ ገና ትኩስ ነበር።

«ነግሮታል» አልኩ። «እዚህ ወርጄ ልክፈተው ብሎታል። እንቢ ያለው ወንድምህ ነው።»

«እማዬ፣ ልጅሽ ደሙ እየፈሰሰ ለሱ ትመሰክሪያለሽ?»

«ወንድምህን ጠይቀው።»

ታናሹ ልጄ ዓይኑን ሳይገልጥ አፈሩን ተፋና «ተወው» አለ።

ትልቁ የመካኒኩን እጅ ለቀቀ። መፍቻውን እንደያዘ ወደ ወደቀው ሞተር ሄዶ ክንዱ እስኪዝል ቀጠቀጠው። ታንከሩ ተሰንጥቆ ቤንዚኑ መሬት ላይ ፈሰሰ። ማንም አልከለከለውም።

ሁለቱን ቁስለኞች በአንድ ፒካፕ ጭነን ወደ አሰላ ወጣን። ጎን ለጎን ተኝተው መኪናው በዘለለ ቁጥር አንዱ ሌላው ላይ ይወድቅ ነበር።

ሽማግሌዎች አስታርቀውናል። ታናሹ ያነክሳል። ትልቁ በበዓል ይመጣል፤ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ቶሎ ይሄዳል። መካኒኩ ጋራዡን አልዘጋም፤ እሱ ያሳያል፣ ሌሎች ይፈታሉ። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ልጠይቀው ስሄድ ከወንበሩ ተነስቶ እንደ ድሮው የእጁን አንጓ ዘረጋልኝ። መዳፉ ንጹሕ ነበር።