የብርጭቆ ወረቀት ፊደሎች

ጉዲቱ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ሳትሳሳት ታዜመዋለች። አንድ ጠዋት አስተማሪዋ ወይዘሪት አበዛሽ ገበታው ላይ «ነ»ን ለይታ ጠቆመችና «ይቺ ማናት?» አለቻት። የአምስት ዓመቷ ልጅ ወደ ሀ ተመለሰች፤ በልቧ እያዜመች አንድ በአንድ ወርዳ ነ ላይ ስትደርስ መለሰች። መልሱ ልክ ነው። አበዛሽን ያስጨነቃት መንገዱ ነበር፤ አንዲት ቃል ለማንበብ ስንት ጊዜ ከሀ ልትነሳ ነው?

ይህ የሆነው ዘንድሮ፣ በ1973 ዓ.ም.፣ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ነው። አበዛሽ አዲስ አበባ በወሰደችው ሥልጠና ስለ ሞንቴሶሪ ዘዴ ሰምታ ነበር፦ ልጅ ፊደልን በጣቱ እየዳሰሰ፣ በራሱ ፍጥነት ይማራል። መሣሪያው ግን ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከአናጺው ከሰንበታ ቁርጥራጭ የብርጭቆ ወረቀት ለምና፣ ፊደል እየቆረጠች ጣውላ ላይ ለጠፈች። ልጆቹ ሻካራውን ፊደል በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። ዜማው ቀረ።

በሦስተኛው ሳምንት የጉዲቱ አባት አቶ ፈይሳ መጡ። በሻሸመኔ መስመር የጭነት መኪና ይነዳሉ።

«አካም ጂርቱ፣ ወይዘሪት። ልጄ ዝም አለችብኝ። ድሮ ሀሁዋን ጎረቤት ይሰማ ነበር፤ አሁን ስጠይቃት ጣቷን ታሳየኛለች።»

«እየተማረች ነው፣ ጋሼ ፈይሳ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

«ጣውላ ማለስለስ ከሆነማ ሰንበታም ያስተምራታል። የኔታ ዘንድ እወስዳታለሁ።»

ወሰዷትም።

አበዛሽ ልጅቷን ማጣቷ ከነከናት። ቅዳሜ የኔታ ኃይለየሱስ ወደሚያስተምሩበት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄደች። የጠበቀችው ጩኸት ነበር፤ ጩኸቱም አለ። ጠጋ ስትል ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ፊደል ጭኑ ላይ ዘርግቷል፤ ሆሄዋን በስንደዶ ሳይነካ ስሟን አይጠራም። ዜማውን የጨረሰ ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አንብብ ይባላል።

«ለምን ያገላብጡታል፣ የኔታ?»

«አፉ ዓይኑን እንዳይቀድም ነዋ። እናንተ ዘንድ ልጁ ግድግዳ እያየ ይጮኻል አሉ» ብለው ሳቁባት።

እሷም ሳቀች። ይህን ለእኔ ለሥራ ባልደረባዋ ስትነግረኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የዜማው አልነበረም። መዋዕለ ሕፃናቱ ዜማውን ከየኔታ ወስዶ ስንደዶውን ትቶ ነበር። ልጁ ፊደሉን በእጁ በመንካቱ ሁለቱ ትምህርቶች ይስማማሉ። የሚለያዩት ሌላ ቦታ ነው፦ የየኔታ ልጆች ረጅም ነገር በቃላቸው ይይዛሉ፤ የአበዛሽ ልጆች ያላዩትን ቃል መገጣጠም አይፈሩም፤ ቢሳሳቱም አለንጋ የለም።

አቶ ፈይሳን ለመነቻቸው፦ ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት እዚህ ትማር።

«እስከ ፋሲካ» አሉ። «ያኔ ካላነበበች ግን ጣውላውን እርሺው።»

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አበዛሽ አሁን ጣውላ ላይ ያልተለጠፉ፣ የሚደረደሩ ፊደሎች ቆርጣ፣ ጉዲቱን በአባቷ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞችን እያስገጣጠመቻት ነው። ሞጆና መቂ ተሳክተዋል። ዛሬ ተራው የሻሸመኔ ነው፤ ጉዲቱ የመጀመሪያዋን ሻ ትታ ሸን ሁለቴ ደርድራለች። አበዛሽ አላረመቻትም። «እየዳሰስሽ አንብቢልኝ» ብላት፣ እጆቿን አጣጥፋ እየጠበቀች ነው።